የፈረስ ውርርድ፦ ስለ መስኮቱና ስለ ማሽኑ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድ ውስጥ፣ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል፣ ሎረል ፓርክ የሚባል የፈረስ መሮጫ ሜዳ አለ። ከ1911 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ስላልሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ጎራ የሚል አበሻ አይጠፋም። አብዛኛው ውርርድን የሚያውቀው በእግር ኳስ ነው። አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤት ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ደግሞ ኦድ (የክፍያው ምጣኔ) ምን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። የፈረሱ ኦድ ሌላ፣ ቲኬቱም ሌላ። ሲሸነፍ ንዴቱን መስኮት ላይ ቲኬት በምትቆርጠው ሴትዮ ወይም ቲኬት በሚቆርጠው ማሽን ላይ ያወርዳል። «በላችኝ!» «በላኝ!» እነሱ ግን አልበሉትም። መጀመሪያም የተወራረደው ከነሱ ጋር አይደለም።

«ኦዱን አይቼ ነው የቆረጥኩት፤ በዚያው ይከፈለኛል»

አይከፈላችሁም። ቤቲንግ ቤት ስትቆርጡ ኦዱ ቲኬታችሁ ላይ ታትሞ ይቆለፋል። የአሜሪካ ፈረስ ሜዳ ግን የሚሠራው በቋት ነው። ፓሪ ሙቱኤል ይሉታል፤ በ1860ዎቹ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው ፓሪስ ላይ ያመጣው ዘዴ ነው። «ይሄ ፈረስ ያሸንፋል» ብሎ የተወራረደ ሰው ሁሉ ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ሜዳው ድርሻውን አስቀድሞ ያነሳል። የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ሰሌዳው ላይ የምታዩት ኦድ እስከዚያች ደቂቃ በገባው ገንዘብ የተሠራ ስሌት ነው። የሚከፈላችሁ ግን በመጨረሻው ነው።

በቁጥር እንየው። ቋቱ ውስጥ 10,000 ዶላር ገባ እንበል። ሜዳው 18 በመቶ አነሳ፤ 8,200 ቀረ። 4 ቁጥር ላይ የተጣለው 2,000 ዶላር ነው። 8,200 ለ2,000 ሲካፈል ለአንድ ዶላር 4.10 ይደርሳል። የ2 ዶላር ቲኬት 8.20 ያወጣል ማለት ነው፤ ሰሌዳውም የራሳችሁን አንድ ዶላር ሳይቆጥር 3 ለ 1 ይላል። አሁን በመጨረሻዋ ሰኮንድ አንድ ባለገንዘብ 4 ቁጥር ላይ 1,000 ዶላር ጣለ። ቋቱ 11,000 ሆነ፤ ድርሻው ሲነሳ 9,020። ይሄ ለ3,000 ይካፈላል። የናንተ የ2 ዶላር ቲኬት አሁን 6 ዶላር ብቻ ነው። ማንም አልሰረቃችሁም፤ ተካፋዩ ነው የበዛው።

ነገሩን የሚያባብሰው ሰዓቱ ነው። ሽያጩ የሚቆለፈው ፈረሶቹ ሲነሱ ነው። ከሌሎች ሜዳዎችና ከስልክ የሚመጣው ገንዘብ ተደምሮ ሰሌዳው ላይ እስኪወጣ ግን ጊዜ ይወስዳል። በኮምፒውተር የሚጫወቱት ትልልቆቹ ደግሞ ሆን ብለው የመጨረሻዋን ሰኮንድ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ፈረሶቹ እየሮጡ ኦዱ ሲወርድ ታያላችሁ። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አጠገቤ ቆመው ነበር። ፈረሳቸው ማዶ ባለው መስመር እየመራ ሳለ ሰሌዳው ከ5 ለ 1 ወደ 3 ለ 1 ወረደ። «አየህ! ሊያሸንፍ እንደሆነ ሲያዩ ቀነሱት!» አሉኝ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ ቀድሞ የገባ ነው፤ የዘገየው ቁጥሩ ነው» ብላቸው አልሰሙኝም። ፈረሱ አራተኛ ወጣ፤ ክርክሩም በዚያው ቀረ።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ግን ሌላ ዓይነትም ታያላችሁ። እዚያ ሜዳው ላይ ሰሌዳ አቁመው የሚያጫውቱ ቡክሜከሮች አሉ። የሰጧችሁ ኦድ የተቆለፈ ነው። እዚያው ሜዳ ላይ ያለው ቶት የሚባለው ውርርድ ደግሞ እንደ አሜሪካው በቋት ነው።

«የዕለቱ ፕሮግራም ላይ የታተመው ኦድስ?»

እሱ ሜዳው የቀጠረው ባለሙያ ሕዝቡ ገንዘቡን የት የት ይጥላል ብሎ አስቀድሞ የገመተው ነው። ማንም በሱ አይከፈልም።

«ሜዳው እንድንሸነፍ ይፈልጋል»

ሜዳው ማን አሸነፈ ማን ደንታ የለውም። ድርሻው አስቀድሞ ተነስቷል። የሚጨነቀው ቋቱ እንዲሞላ ነው። እንዲያውም ሜዳው ከኪሱ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ሁሉም ሰው አንድ የታወቀ ፈረስ ላይ ተረባርቦ ፈረሱ ሲያሸንፍ፣ ሕጉ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ክፍያ ለማሟላት ቋቱ ላይበቃ ይችላል። ያኔ የጎደለውን ይሞላል።

ቅሬታ ካላችሁ በድርሻው ላይ ይሁን። በቀላሉ «ዊን» (አንደኛ የሚወጣውን መገመት) ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ አካባቢ ይነሳል፤ ትራይፌክታን (ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ በቅደም ተከተል መገመት) በመሳሰሉት ከ25 የሚያልፍበት ሜዳ አለ። በዚህ ላይ ብሬኬጅ የሚባል ነገር አለ። ስሌቱ ለአንድ ዶላር 4.17 ቢመጣ በብዙ ቦታ ወደ 4.10 ይወርዳል። ሰባቷ ሳንቲም ትቀራለች። ትንሽ ትመስላለች፤ በየቀኑ፣ በየሬሱ፣ በየቲኬቱ ስትለቀም ግን ትንሽ አይደለችም። ኬንተኪ በ2022 ሕጉን ቀይራ እስከ ሳንቲሟ እንዲከፈል አድርጋለች። ሌሎቹም ቢከተሏት ደስ ይለኛል።

«መስኮቱ ከማሽኑ የተሻለ ይከፍላል» (ወይም ተቃራኒው)

ሁለቱም የሚጥሉት አንድ ቋት ውስጥ ነው፤ ክፍያው በሳንቲም አይለያይም። ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከመስኮቱ የሚሸሸው እንግሊዝኛውን ስለሚያፍር ነው። አያስፈልግም። መስኮቱ ላይ ያለችው ቴለር የምትፈልገው አምስት ነገር ብቻ ነው፤ ያውም በቅደም ተከተል። ሜዳው፣ ስንተኛው ሬስ፣ ስንት ዶላር፣ ምን ዓይነት ውርርድ፣ የፈረሱ ቁጥር። «ሎረል፣ ሬስ ፋይቭ፣ ቱ ዶላርስ ቱ ዊን፣ ነምበር ስሪ።» አለቀ። የፈረሱን ስም አትጥሩ፤ ስሙን ቴለሯም አታውቀውም። መስኮቱ ጋ ደርሳችሁ ፕሮግራም መግለጥ ግን ነውር ነው። ፈረሶቹ ሊነሱ አንድ ደቂቃ ሲቀር ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ሳይቆርጥ የፈረሶቹ መነሻ በር ከተከፈተ የምትሰሙትን አልነግራችሁም።

ማሽኑ አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ ሒሳቡንም ሳትከፍሉ ያሳያችኋል። «ማሽኑ በላኝ» የሚለው ክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ ነው። ሰውዬው 20 ዶላር ያስገባል። የ2 ዶላር ቲኬት ይቆርጣል። ቲኬቱ ሲወጣ መዝዞ ወደ አጥሩ ይሮጣል። 18 ዶላሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። ከኋላ የመጣው ወይ ይጫወትበታል ወይ በቫውቸር አውጥቶ ይሄዳል። ከማሽኑ ስትለዩ ቫውቸሩን የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫኑ። ቫውቸሩ ገንዘብ ነው፤ መስኮት ላይ በጥሬ ይመነዘራል፣ ወይም ሌላ ማሽን ላይ ትጫወቱበታላችሁ።

«ማሽን ስለሆነ አይጭበረበርም»

ይሄኛው እውነትም ሐሰትም አለበት። የቋቱን ገንዘብ የሚደምረው ማሽን የተፈለሰፈው ሰውን ባለማመን ነው። ጆርጅ ጁሊየስ የተባለ አውስትራሊያ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ መጀመሪያ የምርጫ ድምፅ መቁጠሪያ ነበር የሠራው። መንግሥት አልፈልግም ሲለው ወደ ፈረስ ውርርድ አዞረው። የመጀመሪያው በ1913 ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ኤለርስሊ ሜዳ ላይ ተተከለ። ገመድና ጥርስ ያለው ብረት የሞላበት ትልቅ ነገር ነበር።

የማጭበርበሩ ታሪክ የመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከውስጥ ሰው ነው። ጥቅምት 2002፣ ቺካጎ አጠገብ አርሊንግተን ፓርክ በሚባል ሜዳ ላይ ብሪደርስ ካፕ የሚባለው ትልቅ የፈረስ ውድድር ይካሄዳል። ፒክ ሲክስ የሚባለው ውርርድ የስድስት ተከታታይ ሬስ አሸናፊዎችን መገመት ነው። ያን ጊዜ የቲኬቱ ዝርዝር አራተኛው ሬስ እስኪያልቅ ወደ ዋናው ቋት አይላክም ነበር። የቋቱን ሒሳብ የሚሠራው ኩባንያ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮግራመር ይህን ያውቃል። ጓደኛው በስልክ የቆረጠውን ቲኬት ከፍቶ አራቱን አሸናፊዎች አስገባ። በቀሩት ሁለቱ ሬሶች ፈረሶቹ በሙሉ ተይዘዋል። ስድስቱም አሸናፊ ውርርዶች የዚያ የአንድ ሰው ሆኑ፤ ገንዘቡ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያጋለጣቸው ዕድላቸው ነው። የመጨረሻውን ሬስ 43 ለ 1 የነበረው ቮልፖኒ አሸነፈ። ታዋቂ ፈረስ አሸንፎ ቢሆን ብዙ ሰው ይካፈል ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። ሦስት ጓደኛሞች ጥፋተኝነታቸውን አምነው ታሰሩ።

እንግዲህ አንድ ሺህ ጊዜ «ማሽኑ ሰረቀኝ» ከሚባለው ይሄ ዓይነቱ ብርቅ ነው። እሱም ቢሆን የሰረቀው ቋቱን ነው፤ ማለትም ሌሎቹን ተጫዋቾች።

«ቴለሯ ከተሳሳተች ሜዳው ይክሰኛል»

ከመስኮቱ ሳትርቁ ቲኬቱን አንብቡ። ሬሱ፣ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ። ስህተት ካለ ፈረሶቹ ሳይነሱ ትሰርዘውና ሌላ ትቆርጣለች። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ቲኬቱ ላይ ያለው ነው የሚጸናው፤ «እኔ እኮ 6 ነበር ያልኩት» አይሠራም። ማሽን ላይም ያው ነው።

ደግሞ ቴለሯን አትጨክኑባት። በብዙ ሜዳ መሳቢያዋ ሲጎድል ከኪሷ ትተካለች። ደንበኛ አልፈልግም ብሎ የመለሰው፣ መሰረዣ ሰዓቱ ያለፈ ቲኬት እሷው ጋ ሊቀር ይችላል። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ጥሩ ያሸነፈ ሰው ግን ትንሽ ይተዋል፤ ወጉ ነው።

«የ2 ዶላር ቦክስ 2 ዶላር ነው»

ሦስት ፈረስ በኤግዛክታ ቦክስ ስታደርጉ፣ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት በየትኛውም ቅደም ተከተል ይሁኑ ማለታችሁ ነው። ያ ስድስት ዓይነት ነው። በ2 ዶላር 12 ዶላር። አራት ፈረስ በትራይፌክታ ቦክስ 24 ዓይነት ነው፤ በ50 ሳንቲም እንኳ 12 ዶላር። ከኤግዛክታው ስድስት የሚያሸንፈው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው፤ አምስቱ እዚያው ይቃጠላሉ። ቴለሯ ዋጋውን ስትናገር የሚደነግጥ ሰው ሳይ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው።

«ፈረሴ ሁለተኛ ወጣ፤ ቲኬቱን ልቅደደው»

ሰሌዳው ላይ ውጤቱ ኦፊሻል ሳይባል ምንም አትቅደዱ። በ2019 የኬንተኪ ደርቢ ማክሲመም ሴኪዩሪቲ ቀድሞ ገባ። ሰው ጨፈረ። ዳኞቹ ግን ሌሎች ፈረሶችን አደናቅፏል የሚለውን አቤቱታ ለ22 ደቂቃ ያህል አዩና ወደ 17ኛ አወረዱት። አሸናፊው 65 ለ 1 የነበረው ካንትሪ ሃውስ ሆነ። የ2 ዶላር ቲኬት 132.40 ዶላር ከፈለ። በነዚያ 22 ደቂቃዎች ቲኬቱን ቀዶ የጣለ ሰው ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት። መሬት መሬት እያዩ የተጣለ ቲኬት የሚለቅሙ ሰዎች በየሜዳው ያሉትም በከንቱ አይደለም።

«ቲኬቱ የኔ ነው፤ ቢጠፋም ይታወቃል»

በጥሬ ገንዘብ የቆረጣችሁት ቲኬት ላይ ስማችሁ የለም። የያዘው ሰው ነው ባለቤቱ። ያሸነፈ ቲኬት ፎቶ አንስቶ ባርኮዱ እየታየ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ገንዘብን መንገድ ላይ ዘርግቶ እንደመሄድ ነው፤ ሳይመነዘር አትለጥፉት።

ጊዜም አለው። ያልተመነዘረ ቲኬት በየስቴቱ ሕግ የተወሰነ ቀን አለው፤ ካለፈ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ወይም ሕጉ ወደሚለው ቦታ ይሄዳል። አውቀው የማይመነዝሩም አሉ። ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ በ1973 ቤልሞንት የሚባለውን ትልቅ ሬስ በ31 የፈረስ ርዝመት ሲያሸንፍ የ2 ዶላር ቲኬት የከፈለው 2.20 ዶላር ብቻ ነበር። 5,617 ያሸነፉ ቲኬቶች ሳይመነዘሩ ቀሩ። ለ20 ሳንቲም ትርፍ ብሎ ያን ወረቀት የሚመልስ ማን ነው? በኋላ ሰብሳቢዎች በስንት እጥፍ ገዟቸው።

«መታወቂያ ከጠየቁኝ ሊከለክሉኝ ነው»

ትልቅ ክፍያ ሲሆን ማሽኑ አይከፍልም፤ መስኮት ሂዱ ይላችኋል። ቴለሯም መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ትጠይቃለች። የግብር ፎርም ስለሚሞላ ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ስሌቱ ለተጫዋቹ ቀሏል። ፎርሙ የሚሞላው ድሉ ከተጣለው ገንዘብ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ አንድ ቋት ላይ 60 ዶላር ከጣላችሁ የሚነጻጸርበት ገንዘብ አሸናፊዋ አንድ ዶላር መሆኗ ቀርቶ 60ው ሙሉ ሆኗል። ስለዚህ ፎርም የሚያስሞላ ድል ቀንሷል።

«አስር በመቶ ስጠኝና በኔ ስም ላውጣልህ» የሚል ሰው ከቀረባችሁ እሺ አትበሉ። ግብር ማጭበርበር ነው፤ ሁለታችሁንም ያስከስሳል። ፎርም አልተሞላም ማለትም ግብር የለውም ማለት አይደለም። ያሸነፋችሁት ሁሉ ዓመታዊ ታክስ ስትሞሉ የሚገባ ገቢ ነው።