በሞቶ ጂፒ «የግል ቡድን» ምንድን ነው? የፋውስቶ ግሬዚኒ ቡድን እንደ ማሳያ

ሞቶ ጂፒ በሚባለው የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ሁለት ዓይነት ቡድኖች ይሰለፋሉ። አንደኛው እንደ ሆንዳ፣ ያማሃና ዱካቲ ያሉ አምራቾች በራሳቸው ስምና ገንዘብ የሚያቋቁሙት የፋብሪካ ቡድን ነው። ሁለተኛው የግል ቡድን ይባላል፤ ይህኛው የሚወዳደረው ከአምራቹ በተከራየው ሞተር ሳይክል (በአጭሩ ሞተር) ሲሆን፣ ኪራዩን፣ የመካኒኮቹን ደመወዝና ከአገር አገር የሚደረገውን የጉዞ ወጪ ከስፖንሰሮችና ከውድድሩ አዘጋጅ በሚያገኘው ገንዘብ ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ያለፈው ዓመት ሞተር ስለሆነ፣ የግል ቡድን ኃላፊ ከፋብሪካዎቹ ሊበልጥ የሚችለው በሰው ብቻ ነው፤ ማለትም ተወዳዳሪን በመምረጥና የመረጠውን በአግባቡ በመያዝ። በእኔ እምነት ይህን ከጣሊያናዊው ፋውስቶ ግሬዚኒ ሕይወት የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1961 ኢሞላ የተወለደው ግሬዚኒ በ125 ሲሲ (የሞተር መጠን መለኪያ) ምድብ በጋሬሊ ሞተር በ1985 እና በ1987 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1987 ከምድቡ 11 ውድድሮች የመጀመሪያዎቹን 10 አሸንፎ በመጨረሻው ወደቀ። በሁለቱ ድሎች መካከል ግን፣ በ1986፣ ዋንጫውን የወሰደው ያንኑ ሞተር የሚነዳው የቡድን ባልደረባው ሉካ ካዳሎራ ነበር። አንድ ተወዳዳሪ ምንም ማመካኛ ሳይኖረው የሚለካው ከባልደረባው ጋር ነውና፣ ግሬዚኒ የማሸነፉንም የመበለጡንም ስሜት ከውስጥ ያውቀው ነበር። በ1990 የቡድን ባልደረባው የነበረው ወጣቱ ሎሪስ ካፒሮሲ ሻምፒዮን ሲሆን አብሮት ነበር፤ በ1999 ደግሞ ያንኑ ካፒሮሲን በራሱ ቡድን አሰልፎታል።

ውድድር ያቆመው በ1994 ሲሆን፣ ቡድኑን በ1997 መሥርቶ ብራዚላዊውን አሌክስ ባሮስን በሆንዳ አሰለፈ። ትልቁ ምርጫው ግን ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ ነበር። ካቶ በ2001 ከ16 ውድድሮች 11ዱን አሸንፎ የ250 ሲሲ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ወደ ከፍተኛው ምድብ፣ ወደ ሞቶ ጂፒ፣ ተሸጋገረ። በሚያዝያ 2003 በጃፓን ሱዙካ በተካሄደው የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ላይ ክፉኛ ተጋጭቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በ26 ዓመቱ አረፈ። ከሳምንት በኋላ ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ፣ ዌልኮም ላይ መሰለፍ ነበረበት። ኃላፊ መሆን በወረቀት ላይ ከሚጻፈው ውል የሚለየው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፦ መካኒኮቹ ሐዘን ላይ ናቸው፤ የቀረው ተወዳዳሪም ባልደረባውን የገደለውን ስፖርት ዳግም በሙሉ ፍጥነት መጀመር አለበት። ሴቴ ጂቤርናው በዚያ ውድድር አሸንፎ ድሉን ለካቶ መታሰቢያ አደረገው፤ በዚያ ዓመትም በተከታዩም ከቫለንቲኖ ሮሲ ቀጥሎ በሁለተኛነት ጨረሰ። በ2005 ሁለተኛ የወጣው ማርኮ ሜላንድሪም የዚሁ ቡድን ተወዳዳሪ ነበር። በጥቅምት 2011 ግን ሌላ ሐዘን መጣ፤ ማርኮ ሲሞንቼሊ በ24 ዓመቱ በማሌዥያው ሴፓንግ ሕይወቱ አለፈ።

ግሬዚኒ ከ2015 ጀምሮ የአፕሪልያ የተባለውን አምራች የፋብሪካ ሞተሮች ያሰልፍ ነበር። ከ2022 ጀምሮ በራሱ ስም እንደ ግል ቡድን ለመመለስ ከተስማማ በኋላ፣ በየካቲት 2021 በኮቪድ-19 ሞተ። ባለቤቱ ናድያ ፓዶቫኒ ቡድኑን ተረክባ ከዱካቲ ጋር ተዋዋለች፤ በ2022 የመጀመሪያ ውድድር በካታር የቡድኑ ተወዳዳሪ ኤኔያ ባስቲያኒኒ ያለፈውን ዓመት የዱካቲ ሞተር እየነዳ አሸነፈ። በዓመቱ አራት ድሎችን አስመዝግቦ በአጠቃላይ ውጤት ሦስተኛ ሆነ። ማርክ ማርኬዝ በሆንዳ ፋብሪካ የቀረውን የአንድ ዓመት ውል ትቶ በ2024 ወደዚህ ቡድን መጣ፤ ከ2021 ወዲህ ያጣውን ድልም በአራጎን አገኘ። እሱ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዱካቲ ፋብሪካ ቡድን ተዛውሮ የ2025 ሻምፒዮን ሲሆን፣ ከኋላው ሁለተኛ የወጣው የፓዶቫኒን ሞተር የነዳው ወንድሙ አሌክስ ነው።