የድራፍት መብት ምንድን ነው? ጂኖቢሊና ስኮላ በአውሮፓ የቆዩባቸው ዓመታት

በሰኔ 1999 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቴክሳሱ የሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ክለብ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤን.ቢ.ኤ. ዓመታዊ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍት፣ አርጀንቲናዊውን ማኑ ጂኖቢሊን በ57ኛ ተራ ጠራው። በዚያ ምሽት ከእርሱ በኋላ ስሙ የተጠራ አንድ ተጫዋች ብቻ ነበር። የባይያ ብላንካ ከተማ ተወላጅ የሆነው ጂኖቢሊ ግን ወደ ቴክሳስ አልተጓዘም፤ ቀድሞ ይጫወትባት በነበረችው በደቡብ ጣሊያኗ ሬጆ ካላብሪያ ቀጠለ፣ ቀጥሎም ወደ ቦሎኛ ተዛወረ፣ በስፐርስ ማሊያ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገውም በ2002 ነው። በመካከሉ ባሉት ሦስት ዓመታት ስፐርስ ውል አላስፈረመውም፣ ደመወዝም አልከፈለውም። ሆኖም በኤን.ቢ.ኤ. ውስጥ ካሉት ሌሎች ክለቦች አንዳቸውም ሊያስፈርሙት አይችሉም ነበር። ይህን ያደረገው የድራፍት መብት የሚባለው ደንብ ነው።

የእግር ኳስ ዝውውርን ለለመደ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆን ይችላል። በእግር ኳስ አንድ ክለብ በተጫዋች ላይ መብት የሚኖረው ውል ሲፈራረም ነው፤ ያለ ፊርማ የሚጸና መብት የለም። በኤን.ቢ.ኤ. ግን ክለቡ ተጫዋቹን በመረጠበት ቅጽበት፣ ተጫዋቹ ቢስማማም ባይስማማም፣ በሊጉ ውስጥ ከእርሱ ጋር የመደራደር ብቸኛ መብት ያገኛል። መብቱ የሚሠራው በሊጉ አጥር ውስጥ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በጣሊያን፣ በስፔን ወይም በገዛ አገሩ ከፈለገው ክለብ ጋር ከመዋዋል የሚከለክለው ነገር የለም፤ በውጭ ውል ላይ እስካለ ድረስ፣ ውሉ ካለቀም በኋላ ለአንድ ዓመት፣ የመረጠው ክለብ መብቱን ሳያጣ መጠበቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ክለቡ መብቱን እንደ ማንኛውም ንብረት ለሌላ ክለብ አሳልፎ መስጠት ወይም መለወጥም ይችላል፣ ለዚህም የተጫዋቹ ፈቃድ አይጠየቅም።

ከአሜሪካ ውጭ ያደገ ተጫዋች ራሱን ለምርጫ ባያቀርብም እንኳ፣ 22 ዓመት በሚሞላው ዓመት በቀጥታ ለድራፍት ብቁ ይሆናል። ጂኖቢሊ በ1999፣ የብሔራዊ ቡድን ጓደኛው ሉዊስ ስኮላ ደግሞ በ2002 ዕድሜያቸው 22 ደረሰ፤ ሁለቱም በዚያው ዓመት ተመረጡ፣ ሁለቱንም የመረጠው ስፐርስ ነው፣ ሁለቱም በሁለተኛው ዙር መጨረሻ አካባቢ ነበሩ። ድራፍቱ ሁለት ዙር ስላለው የዙሩ ጉዳይ ዋና ነገር ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ደመወዙ በሰንጠረዥ የተወሰነና ዋስትና ያለው ውል ያገኛል፤ በሁለተኛው ዙር ለተመረጠ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ስለዚህ በአውሮፓ ጥሩ ደመወዝና ብዙ የጨዋታ ደቂቃ ያለው ወጣት፣ በሁለተኛው ዙር ስለተመረጠ ብቻ ያንን ጥሎ በአሜሪካ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚቸኩልበት ምክንያት አይኖረውም። ክለቡም አይቸኩልም፤ ተጫዋቹ በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው አሠልጣኝ እየበሰለ ነውና።

አርጀንቲናውያን ለዚህ ደንብ የተመቹ የሆኑት በአጋጣሚ አልነበረም። የአገሪቱ ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ሊግ በአሠልጣኙ ሌዮን ናይኑዴል ብርቱ ግፊት በ1985 ሲጀመር፣ ጨዋታው ከቦነስ አይረስ አልፎ በየክፍለ ሀገሩ ሙያተኛ ተጫዋች የሚያፈራ መድረክ አገኘ። በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ባላቸው ተጫዋቾች ላይ የነበረውን የቁጥር ገደብ አነሳ። የብዙ አርጀንቲናውያን አያቶችና ቅድመ አያቶች ከጣሊያንና ከስፔን የተሰደዱ ስለነበሩ፣ የዘር ሐረጉን አስመዝግቦ ፓስፖርት ያገኘ ተጫዋች በጣሊያን ሊግ ከባዕድ ተጫዋቾች ኮታ ውጭ ሊሰለፍ ቻለ። ከዚህ በፊት የነበረውን ሁኔታ ለማየት ወደ 1988 መመለስ ይበቃል፦ በዚያ ዓመት ሆርሄ ጎንሳሌስ በአትላንታ ሆክስ፣ ኤርናን ሞንቴኔግሮ ደግሞ በፊላደልፊያ ተመረጡ፣ ሁለቱም ግን በኤን.ቢ.ኤ. አንድም ጨዋታ ሳያደርጉ ቀሩ። የመጀመሪያዎቹ አርጀንቲናውያን፣ ፔፔ ሳንቼስና ሩቤን ቮልኮቪስኪ፣ በሊጉ ሜዳ የታዩት በ2000 ነው።

የጂኖቢሊ የመጠበቂያ ዓመታት ባክነው ያለፉ ዓመታት አልነበሩም፤ እንዲያውም እርሱን የሠሩት እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል። በ1998 ከአርጀንቲና ሲወጣ የተቀበለው የሬጆ ካላብሪያው ቪዮላ በጣሊያን ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነበር፤ በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ከፍተኛው ሊግ አደገ። በ2000 በአሠልጣኝ ኤቶሬ ሜሲና የሚመራው ቪርቱስ ቦሎኛ፣ በዚያን ጊዜ ስፖንሰሩ ኪንደር የሚባለው፣ ሲያስፈርመው ጂኖቢሊ በየሳምንቱ ሽንፈት ይቅር በማይባልበት ቡድን ውስጥ ኃላፊነት የሚሸከም ሰው ሆነ። በ2001 ቪርቱስ የጣሊያንን ሻምፒዮና፣ የጣሊያንን ዋንጫና የአውሮፓ ክለቦች ውድድር የሆነውን ዩሮሊግን በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወሰደ። የዩሮሊግ የፍጻሜ ውድድር እስከ አምስት ጨዋታ የሚደርስ ነበር፤ ቪርቱስ 3 ለ 2 ያሸነፈው የስፔኑን ታው ሴራሚካን ሲሆን፣ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመው ጂኖቢሊ ነበር። በተሸናፊው ቡድን ውስጥ ሉዊስ ስኮላና ፋብሪሲዮ ኦቤርቶ ይጫወቱ እንደነበር ልብ ይሏል። የአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን የጀርባ አጥንት የሚሆኑት ሰዎች በአውሮፓ ትልቁ መድረክ ላይ እርስ በርስ እየተፈታተኑ ነበር ያደጉት።

ውጤቱ የታየው በመስከረም 2002 መዳረሻ በኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ነው። አርጀንቲና አሜሪካን 87 ለ 80 ስታሸንፍ፣ በኤን.ቢ.ኤ. ተጫዋቾች የተዋቀረ የአሜሪካ ቡድን በይፋዊ የዓለም ውድድር ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። በዚያች ቀን ጂኖቢሊ ገና አንድም የኤን.ቢ.ኤ. ጨዋታ አላደረገም፤ ስኮላም ከተመረጠ ሁለት ወር አልፎታል እንጂ ከስፔን አልወጣም። ሊጉ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ያስቀመጣቸው ልጆች የሊጉን ከዋክብት በአሜሪካ ምድር አሸነፉ። ይህ ለእኔ ስለ ድራፍት ቅደም ተከተል ከተነገሩት ትንታኔዎች ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

ጂኖቢሊ በዚያው ዓመት ስፐርስን ተቀላቀለ፣ እስከ 2018 ድረስም በአንድ ክለብ 16 የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ በ2003፣ በ2005፣ በ2007 እና በ2014 ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ ለ57ኛው ምርጫ ያወጣው ነገር ትዕግሥት ብቻ ነበር።

የስኮላ ታሪክ ያንኑ ደንብ ከሌላ ወገኑ ያሳያል። በ1980 በቦነስ አይረስ የተወለደው ይህ ከቅርጫቱ ሥር የሚሰለፍ ተጫዋች በ18 ዓመቱ ወደ ስፔን ሄዶ፣ ለሂሆን ክለብ በውሰት ከተጫወተ በኋላ የታው ሴራሚካ ምሰሶ ሆነ፤ በ2005 እና በ2007 የስፔን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ነገር ግን ከታው ጋር የነበረው ውል ትልቅ የማፍረሻ ክፍያ፣ ማለትም ውሉን ሳይጨርስ ለመልቀቅ ለክለቡ የሚከፈል ገንዘብ፣ ያዘለ ነበር። እዚህ ላይ የድራፍት መብት ከሌላ ደንብ ጋር ይጋጫል፦ አንድ የኤን.ቢ.ኤ. ክለብ ለውጭ ክለብ የውል ማፍረሻ ብሎ ከራሱ ካዝና ሊከፍል የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከተጫዋቹ ኪስ ይወጣል። የተጠየቀው ገንዘብ ከጣሪያው እጅግ ሲበልጥ፣ ተጫዋቹ ወደ አሜሪካ ለመሻገር የመጀመሪያ ዓመታት ደመወዙን ለቀድሞ ክለቡ ማስረከብ ሊኖርበት ነው። ስፐርስ በ2005 ሊያመጣው ቢሞክርም በዚሁ ክፍያ ምክንያት አልተሳካም፤ በምትኩ በድራፍት ያልተመረጠውንና የማንም መብት የሌለበትን ኦቤርቶን አስፈረመ።

ስኮላ በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ አርጀንቲና ጣሊያንን 84 ለ 69 ባሸነፈችበት የፍጻሜ ጨዋታ ከቡድኑ ከፍተኛውን ነጥብ አስቆጥሮ የወርቅ ሜዳሊያ ለብሷል። እንዲህ ያለ ተጫዋች በኤን.ቢ.ኤ. ውስጥ ለአምስት ዓመታት ከአንድ ክለብ በቀር ከማንም ጋር ሊደራደር አለመቻሉ፣ ያ ክለብም ሊያመጣው አለመቻሉ፣ ደንቡ ለክለቡ የሚያደላ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። በሐምሌ 2007 ስፐርስ መብቱን ለሂውስተን ሮኬትስ አሳልፎ ሰጠ፤ በልውውጡ ያገኘው ግሪካዊው ቫሲሊስ ስፓኑሊስ ለስፐርስ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስኮላ በ27 ዓመቱ በሂውስተን ጀምሮ፣ በመጀመሪያው ዓመቱ ከአዲስ ገቢዎች ምርጥ አምስት ውስጥ ተመረጠ፣ በኤን.ቢ.ኤ. አሥር የውድድር ዘመናትን ተጫወተ። የጀመረው በ24 ዓመቱ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በስፔን ያሳለፋቸው ዓመታት ግን በራሳቸው ሙሉ ሕይወት እንደነበሩ ማስታወስም ይገባል። የአንድን ተጫዋች ሥራ ከኤን.ቢ.ኤ. ብቻ የሚቆጥር ሰው ከስኮላ ሥራ ግማሹን ሳያይ ይቀራል።

በመጀመሪያው ዙር የተመረጡትም አንዳንዴ ይጠበቃሉ፣ ነገር ግን ጥበቃው ያጥራል። ካርሎስ ዴልፊኖ በ2003 በዲትሮይት ፒስተንስ 25ኛ ሆኖ ሲመረጥ በመጀመሪያው ዙር የተጠራ የመጀመሪያው አርጀንቲናዊ ነበር፤ አንድ ዓመት በቦሎኛ ጨምሮ በ2004 ተሻገረ። ሌአንድሮ ቦልማሮም በ2020 23ኛ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ለአንድ ዓመት በባርሴሎና ቆይቶ ወደ ሚኒሶታ ሄደ።

ማንም ያልመረጠው ተጫዋች ደግሞ በተቃራኒው ነፃ ነው። በሪያል ማድሪድ የነገሠው ፋኩንዶ ካምፓሶ በድራፍት ስላልተመረጠ፣ በ2020 መጨረሻ በ29 ዓመቱ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ለመሻገር ሲወስን ከፈለገው ክለብ ጋር ተደራድሮ ዴንቨር ነጌትስን መረጠ። ከማፍረሻ ክፍያው ግን እርሱም አላመለጠም፤ በማድሪድ ውሉ የተቀመጠው መጠን 6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደነበረ በስፋት ተዘግቧል፣ የክለቡ ድርሻም በጣሪያ የተወሰነ ስለሆነ አብዛኛው ዕዳ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። በውጭ ውል ላይ ያለ አርጀንቲናዊ ወጣት በድራፍት መመረጥ አለመመረጡ የሚወስነው ከማን ጋር እንደሚደራደር ነው፤ መቼ መሻገር እንደሚችልና በምን ያህል ዋጋ የሚወስነው ግን በ20 ዓመቱ በአውሮፓ የፈረመው ውል ነው።