ሎግ ቀረጻ ምንድን ነው? መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ያከስራል?

አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ሜኑውን ሲበረብር ኤስሎግ፣ ሲሎግ፣ ቪሎግ ወይም ኤንሎግ የሚል ምርጫ ላይ ይደርሳል። ሲያበራው ምስሉ ወዲያው ይደበዝዛል። ጥቁሩ አይጠቁርም፣ ነጩ አይነጣም፣ ሁሉም ነገር ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሎግ ካሜራው ያየውን ብርሃን ፋይሉ ላይ የሚያሰፍርበት አንድ የአመዘጋገብ ስልት ነው፤ ተመልካች እንዲያየው ሳይሆን ኤዲተር እንዲሠራበት የተቀመጠ ጥሬ ዕቃ ነው። ጅማ ውስጥ ክሊፕ፣ ሰርግ፣ ዶክመንተሪ ወይም ፊልም የሚቀርጽ ሁሉ ዛሬ ይህ ምርጫ በእጁ ነው። ምርጫው በእጅ ስላለ ብቻ ግን ሁልጊዜ መብራት አለበት ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ስቶፕ የሚለውን እንያዝ። አንድ ስቶፕ ብርሃን ጨመረ ማለት በእጥፍ አደገ ማለት ነው፣ አንድ ስቶፕ ቀነሰ ማለት ደግሞ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። የካሜራው ሴንሰር ብርሃንን እንደ ሚዛን ነው የሚቆጥረው፤ እጥፍ ብርሃን ሲገባ እጥፍ ቁጥር ያወጣል። እንግዲህ 4096 የብሩህነት ደረጃ ባለው የ12 ቢት ሴንሰር ላይ (ቢቱ በጨመረ ቁጥር ደረጃው ይበዛል) ከፍተኛው ስቶፕ ብቻውን 2048ቱን ደረጃ ይወስዳል። ቀጣዩ 1024፣ ከዚያ 512፣ እያለ ይወርድና ስምንተኛው ስቶፕ ላይ ሲደርስ 16 ደረጃ ብቻ ይተርፈዋል። የፊት ጥላና የጨለማው ጥግ ያሉት ደግሞ እዚያ ታች ነው። ሎግ ይህን አድልዎ ያስተካክላል፤ ለእያንዳንዱ ስቶፕ ተቀራራቢ የሆነ የደረጃ ብዛት ያድላል። ሐሳቡ የመጣው ከፊልም ዘመን ነው። ኮዳክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲኒየን በተባለው ሥርዓቱ የፊልም ኔጋቲቭ ስካን ሲደረግ በ10 ቢት ሎግ ያስቀምጠው ነበር፤ የዛሬዎቹ ካሜራዎች መንገዱን የወረሱት ከዚያ ነው።

ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው በሩ ተከፍቶ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ነው። ጥጉ ጨለማ ነው፣ ከሰል ይግላል፣ ጭስ ይወጣል፣ ቡና አፍይዋ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ነው። ጅሬን ባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳና ክፍሎች ውስጥ ቆሞ ወደ ግቢው ለሚቀርጽ ሰውም ችግሩ ያው ነው። በተለመደው ፕሮፋይል፣ ማለትም ሎግ ባልበራበት ተራ የምስል ምርጫ፣ የቡና አፍይዋን ፊት ካስተካከሉ በሩ ነጭ ሰሌዳ ይሆናል፤ በሩን ካዳኑ ፊቷ ይጠፋል። የተለመደው ፕሮፋይል ከመካከለኛው ግራጫ በላይ ከ2.5 እስከ 3 ስቶፕ ገደማ ይይዛል። እንደ ኤስሎግ3 (የሶኒ ካሜራዎች ሎግ) ያለው ግን ወደ 6 ስቶፕ ይደርሳል።

ትዕይንቱ ሎግ ያስፈልገው እንደሆነ በሻተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ ርዝመት፣ መለካት ይቻላል። ካሜራውን በተለመደው ፕሮፋይል ላይ ያድርጉ፤ ሻተሩ 1/50 ላይ እያለ ፊቷ ልክ እስኪመጣ አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ያስተካክሉ፤ ዜብራውን፣ ማለትም ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሽንትር የሚያሳየውን ምልክት፣ 100 ላይ ያብሩ። በሩ ላይ ሽንትር ይታያል። አሁን ሌላ ምንም ሳይነኩ ሻተሩን ወደ 1/100፣ 1/200፣ 1/400 ያሳድጉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ስቶፕ ነው። ሽንትሩ 1/100 ላይ ከጠፋ ሎግ አያስፈልግም፤ አይሪሱን በትንሹ መዝጋት ይበቃል። 1/200 ወይም 1/400 ላይ ከጠፋ የሎግ ቦታ እዚህ ነው። 1/800 አልፎም ካልጠፋ ሎግም አያድነውም። ያኔ በሩ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ መጣል ወይም ቤት ውስጥ መብራት መጨመር የግድ ነው። ሲጨርሱ ሻተሩን ወደ 1/50 መመለስ እንዳይረሳ።

ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጅማ ሰማይ ደመና ሲለብስ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣ ጥላው ይሳሳል። ሰማዩ ካሜራው ውስጥ ካልገባ በቀር በብዙ ትዕይንት በጣም ብሩህ በሆነውና በጣም ጨለማ በሆነው መካከል ያለው ልዩነት 5 ወይም 6 ስቶፕ ብቻ ይሆናል። ይህን የተለመደው ፕሮፋይል ያለ ችግር ይይዘዋል። በሎግ ከቀረጹት ግን ሰፊ መጋዘን ተከራይቶ አንድ ኩንታል ማስቀመጥ ይሆናል፤ አብዛኛው ቦታ ባዶውን ያድራል፣ ኤዲት ላይ ደግሞ ያችን ትንሽ ክፍል መለጠጥ ይመጣል።

መለጠጡ የሚጎዳው በቢት ብዛት ልክ ነው፣ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። ኤስሎግ3 በ10 ቢት ሲመዘገብ ለአንድ ስቶፕ 79 ያህል ደረጃ ይደርሰዋል። በ8 ቢት ግን 20 ገደማ ብቻ ነው። የደመና ሰማይ ወይም የተለሰነ ግድግዳ ቀስ እያለ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሄድ በ20 ደረጃ ተዘርግቶ ለስላሳ መሆን አይችልም። ኮንትራስት ሲጨመርበት እንደ ካርታ መስመር የተደራረቡ ቀለበቶች ይወጣሉ። ያንን ፋይል ቴሌግራም ወይም ዩቲዩብ እንደገና ሲጨምቀው ቀለበቶቹ ይብሳሉ። ስለዚህ ካሜራው ውስጡ 8 ቢት ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ ኤስሎግ3ን መተው ይሻላል፤ ኮንትራስቱ ቀነስ ተደርጎ የተስተካከለ ተራ ፕሮፋይል የተሻለ ምስል ይሰጣል። ካሜራው ላይ ሎግ የሚል ጽሑፍ መኖሩ ለሻጩ ይጠቅመው ይሆናል እንጂ ለዚያ ፋይል አይጠቅመውም።

10 ቢት ካለ ቀጣዩ ጉዳይ ኤክስፖዠር፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚገባው የብርሃን መጠን፣ ነው። በኤስሎግ3 የ18 በመቶ ግራጫ ካርድ (ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ መለኪያ ካርድ) በካሜራው የብሩህነት መለኪያ የሚያርፈው 41 በመቶ ላይ ነው። አንድ ስቶፕ ከፍ ሲደረግ ወደ 50 ይጠጋል፣ ሁለት ስቶፕ ሲሆን 58 ገደማ ይደርሳል። ልምድ ያላቸው ቀራጮች ሆን ብለው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ከፍ ያደርጉታል፤ ኤዲት ላይ መልሰው ሲያወርዱት ጥላው ውስጥ ያለው ብናኝ መሳይ ነጠብጣብ፣ ማለትም ኖይዙ፣ አብሮ ይወርዳል። ጨለም አድርጎ ቀርጾ ኋላ ማሳደግ ግን ሎግ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች የከፋው ነው። ያም ሆኖ ከፍ የተደረገው ስቶፕ ከላይ ካለው 6 ስቶፕ ላይ ይቀነሳል፤ የበሩን ብርሃን ለማዳን የተዋሱትን እዚህ እየመለሱ ነው ማለት ነው። ዜብራውን 94 ላይ አድርጎ ማንኛውም የሚፈለግ ነገር እዚያ እንዳይደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የፊትን ነገር ለብቻው ማየት ተገቢ ነው። ለኤስሎግ3 የሚዘዋወሩት መመሪያዎች ፊትን 50 ወይም 55 ላይ አድርጉ የሚሉት ነጣ ላለ ቆዳ ነው። ብርሃን የማንጸባረቅ አቅሙ 10 በመቶ ገደማ የሆነ ጥቁር ፊት በትክክለኛ ኤክስፖዠር 34 በመቶ አካባቢ ያርፋል። እሱን በግድ 55 ላይ ለማውጣት ከሁለት ስቶፕ በላይ መጨመር ይጠይቃል፣ ነጩ ቀሚስና በሩም አብረው ይቃጠላሉ። ግራጫ ካርዱን ፊቱ አጠገብ ይዞ በእሱ መለካት ይህን ግምት ያስቀራል።

ሎግ በዝቅተኛ አይኤስኦ አይሠራም፤ ብዙ ካሜራዎች ላይ መነሻው 640 ወይም 800 ነው። ፀሐይ ላይ በ800፣ በ1/50 እና በኤፍ4 ለመቅረጽ 8 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። ርካሹ ተጠማዛዥ ኤንዲ መጨረሻው ድረስ ሲዞር ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይጥላል። ኤንዲ ሳይገዙ ሻተሩን ማፍጠን ደግሞ የሚራመደውን ሰው እንቅስቃሴ ቁርጥርጥ ያደርገዋል።

ሎግ የማይፈውሳቸው ነገሮችም አሉ። ሎግ ሮው (የሴንሰሩን መረጃ ሳይቀይር የሚያስቀምጥ ፋይል) አይደለም፤ ዋይት ባላንሱ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ እንዲመስል የሚደረገው የቀለም ማስተካከያ፣ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። አውቶ ላይ ከተተወ በአንድ ሾት መሐል ቀለሙ ይቀያየራል፣ ያንን ማረም አድካሚ ነው። ቡና ማሳ ውስጥ ከጥላ ዛፍ ሥር ሲቀረጽ ከቅጠሉ አልፎና ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ፊት ላይ አረንጓዴ ይቀባል። ይህንን በኤዲት ለማንሳት ሲሞከር ቅጠሉም አብሮ ይገረጣል። መፍትሔው ነጭ ፎም ወይም የተወጠረ ነጭ ጨርቅ ከፊቱ በአንድ ሜትር ርቀት ይዞ ከክፍት ሰማይ የመጣውን ብርሃን ወደ ፊቱ መመለስ ነው።

ኤዲቱ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ከለር ስፔስ ትራንስፎርም የሚባለውን፣ ሎጉን ወደ ተራ ምስል የሚቀይረውን መሣሪያ መጨረሻው ኖድ (የማስተካከያ እርከን) ላይ ያስቀምጡ፤ መግቢያው ኤስጋመት3 ሲኔ እና ኤስሎግ3፣ መውጫው ሬክ 709 (የተለመደው የቲቪ ቀለም መስፈርት) እና ጋማ 2.4 ይሁን። ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ ከእሱ በፊት ባሉ ኖዶች ይስተካከላሉ። ከኢንተርኔት የወረደ ማራኪ ላት (ቀለም የሚቀይር ዝግጁ ፋይል) በቀጥታ ሎጉ ላይ ሲጫን፣ ወይም አንዱ ላት አስቀድሞ ወደ 709 ቀይሮት ሌላው ደግሞ ሲደግመው፣ ፊቱ ብርቱካን ጥላውም ቀለም እንደፈሰሰበት ጥቁር ይሆናል። ሰው ከዚያ በኋላ ካሜራውን ይረግማል።

ወጪውንም አስቀድሞ ማስላት ነው። በሰከንድ 140 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 63 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ ሁለት ቅጂ ሲቀመጥ 126። አሮጌ ላፕቶፕ 10 ቢት ፋይልን እየተንተባተበ ስለሚያጫውት ባለ 720 ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ማውጣት ያስፈልጋል፤ የፕሮክሲው ሰዓትና ላፕቶፑ በባትሪ የሚቆየው ሰዓት ደግሞ መብራት ሲጠፋ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። በዚያው ቀን ለእንግዶች የሚታይ የሰርግ ቅንብር በሎግ መቅረጽ ራስን ማሰቃየት ነው። ደንበኛ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ካየ ደግሞ ግራጫውን አይቶ እንዳይደነግጥ የሞኒተሩን ማሳያ ላት ያብሩለት።

ስልክም ወደዚህ ገብቷል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አይፎን 15 ፕሮ በአፕል ሎግ በ10 ቢት ፕሮረስ (የአፕል ከባድ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ይቀርጻል፤ 4ኬ ላይ ግን አንድ ደቂቃ ወደ 6 ጊጋ ባይት ስለሚበላ ያለ ውጫዊ ኤስኤስዲ ረዥም ቃለ መጠይቅ አይታሰብም።

ፋይሉን ወደ ሌላ ኤዲተር ሲልኩ ፎልደሩ ላይ የካሜራውን ሞዴል፣ የሎጉን ዓይነት፣ አይኤስኦውን እና ስንት ስቶፕ ከፍ እንደተደረገ ይጻፉ። ኤስሎግ2 እና ኤስሎግ3 ለዓይን ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግራጫ ካርዱን 32 ላይ፣ ሁለተኛው 41 ላይ ስለሚያስቀምጡት ተሳስቶ የተመረጠ መግቢያ ሙሉውን ፊልም ያለቦታው ያጨልማል ወይም ያነጣል።