ታብሌት፣ የመጽሐፍ ዋጋና የሥራ ጉዞ በወሎ

ወሎ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ መንገድ መውጣት የቆየ ነገር ነው። የአብነት ተማሪው ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከቶ፣ በትከሻው አንግቶ ከደብር ደብር ይዞራል። ደረሳውም ኪታቡን ይዞ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተጻፈ ብራና ነው። ዛሬ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከወልድያ ላሊበላ በሚመላለሰው ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ታብሌት አይጠፋም። ይህ መሣሪያ የመጽሐፍን ዋጋም፣ የሥራ ጉዞንም ነክቷል። ወሎ ላይ የሆነው ግን አሜሪካ ከሆነው በጣም ይለያል።

መጀመሪያ አሜሪካን እንይ። አማዞን ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አዳዲስና ተፈላጊ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን በ9.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ብዙዎቹን የሚሸጠው ለአሳታሚው ከሚከፍለው በታች፣ በኪሳራ ነው። አሳታሚዎቹ ሰጉ። አንባቢው አንዴ አስር ዶላርን ከለመደ ወረቀቱን በውድ ዋጋ ማን ይገዛል?

እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል አይፓድ የተባለውን ታብሌት ከ499 ዶላር ጀምሮ መሸጥ ጀመረ። ከመሣሪያው ጋር አዲስ ዓይነት ውል መጣ። ዋጋውን የሚቆርጠው አሳታሚው ነው፤ አፕል ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። አምስት ትልልቅ አሳታሚዎች ፈረሙ። አማዞንም ሳይወድ በግዱ በዚያው መንገድ ሄደ። የብዙ አዳዲስ መጻሕፍት ዋጋ ወደ 12.99 እና 14.99 ዶላር ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤቱ አፕል ከአሳታሚዎቹ ጋር ተመሳጥሮ ዋጋ አስወድዷል ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አላይም አለ። አፕል 450 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ግድ ሆነ። ከዚህ ውስጥ 400 ሚሊዮኑ ለመጽሐፍ ገዢዎች የሚመለስ ነበር።

እዚያ ክርክሩ በአስርና በአስራ አምስት ዶላር መካከል ነው። ደሴ ላይ ግን ምርጫው የሽፋኑን ዋጋ ሙሉ መክፈል ወይም ምንም አለመክፈል ነው። አንባቢው ታብሌት ቢኖረውም፣ በብር የሚሠራው የባንክ ካርዱ የውጭ መደብር ላይ አይሠራለትም። የዶላር ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቴሌግራም ይገባል። የመጽሐፉን ስም ይጽፋል፣ ፒዲኤፉ ይመጣለታል። አብዛኛው በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሳ ነው። አንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። መሃል ላይ ሁለት ገጽ ይዘለላል። ዋጋው ግን ባዶ ነው።

ይህ ሕገወጥ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው መብት ሰጥቷል። ሕጉ ቢኖርም ደራሲው እጅ የሚገባ ነገር የለም፤ ያ ያንገበግበኛል። ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ለፍቶ፣ ተበድሮ ያሳተመው መጽሐፍ በሳምንቱ በነፃ ይዞራል። አንባቢውን ብቻ መውቀስም አይቻልም። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መጽሐፉም ታብሌቱም አብረው ተወደዱ። ተማሪው ደግሞ ያችኑ የተሰነጣጠቀች ስልኩን ይዞ ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ ወሎ ውስጥ በስልክ የሚያነበው ሰው በታብሌት ከሚያነበው በእጅጉ ይበልጣል።

መውጫው በብር መክፈል መቻል ይመስለኛል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል። እንደ ተራኪ ያሉ የድምፅ መጽሐፍ አፖች በአገር ቋንቋ መጥተዋል። የሻይ ዋጋ የሚያህል ክፍያ በስልክ የሚከፈልበት መደብር ካለ፣ ብዙ ሰው የጎደለ ገጽ ሲፈልግ አያመሽም።

ወደ ጉዞው ስንመጣ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው የሥራ ጉዞን “ፊልድ” ይለዋል። አበል ይቆረጥለታል፣ ሌሊት ይነሳል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ፤ ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ሽቅብ። ሐረጎ ላይ ታብሌት ከፍቶ ማንበብ አይሞከርም። ጆሮ ይደፈናል፣ ሆድ ይገለባበጣል። የለመደ ሰው ዳገቱ ሳይጀምር ከድኖ ያስቀምጠዋል።

ድሮ ፊልድ የሚወጣ ሰው ቅጽና መዝገብ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። አሁን ሁሉም በአንድ መሣሪያ ውስጥ አለ። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ የሚመጣ ገዢም፣ የልብሱን ንድፍ ስክሪን ላይ አስፍቶ ስፌቱን ማሳየት ይችላል። ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ የጉዞ መጽሐፉን አገሩ ላይ ገዝቶ፣ ታብሌቱ ላይ ጭኖ ይመጣል። አብራሪዎችም ሳይቀሩ ቀለል ብሏቸዋል። የአሜሪካ አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ 16 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን የበረራ ሰነድ ቦርሳ በአይፓድ መተካት ጀምረዋል።

የወሎ ተጓዥ ግን አንድ ነገር በደንብ ተምሯል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ፋይል በእጅ እንዳለ አይቆጠርም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። መብራትም በየጊዜው ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሆቴል ዋይፋይ ሲያገኝ አውርዶ ያስቀምጣል፣ ፓወር ባንኩን ሞልቶ ይተኛል።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የቤተሰብ መረጃ የሚመዘገብበት ሥርዓት በብዙ ቀበሌዎች ወደ ታብሌት ገብቷል። ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ትዞራለች። የነፍሰ ጡሯን ቀጠሮ፣ የሕፃኑን ክትባት እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ ትሞላለች። ማታ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ከፍታ ትወጣና፣ የቀኑን ሥራ በአንድ ጊዜ ትልከዋለች።