ቴታነስ ምንድን ነው? ኮረንቲ ያዘን ወይስ ያዝነው?

ጣና ዳር ዓሣ ሲገፈፍ ቆማችሁ ካያችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቆዳው ገና የተነሣ የአምባዛ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት እዚህም እዚያም ይርገበገባል። ልጆች "አልሞተም!" ብለው ይሸሻሉ። ሞቷል፤ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው ኃይላቸው ያላለቀውን የጡንቻ ሴሎች የሚቀሰቅሳቸው።

እያንዳንዷ ርግብታ ለአንድ የኤሌክትሪክ ምልክት የተሰጠች አንድ ምላሽ ናት። ምልክቱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ጡንቻው ግን ተኮማትሮ እስኪላላ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። የሚያዘገየው ካልሲየም ነው። ምልክቱ ሲደርስ ሴሉ ውስጥ ካለው ጎተራ ይፈስሳል፣ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት ክሮች ይያያዛሉ፤ ጡንቻው የሚፈታው ካልሲየሙ ተለቅሞ ጎተራው ሲገባ ብቻ ነው።

ሳይለቀም ሌላ ምልክት ቢመጣስ? ሁለተኛው ኩምትርታ በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። በሰከንድ 10 ምልክት ሲደርሰው ጡንቻው እየተንቀጠቀጠ ይጠነክራል። ወደ 50 ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ይጠፋና ወጥሮ ይቀራል፤ ጉልበቱም ከነጠላዋ ርግብታ ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ቴታነስ ማለት ይኸው ነው፤ በግሪክኛ መወጠር። (መንጋጋ ቆልፍም በዚሁ ስም ይጠራል፤ እዚያ የባክቴሪያ መርዝ የነርቮቹን ፍሬን ስለሚነቅለው ምልክቱ ጡንቻው ላይ ይዘንባል።)

50ን ያዙልኝ። የቤታችን ኮረንቲም በሰከንድ 50 ዙር ነው።

ዓባይ ዳር ጓሮውን የሚያጠጣ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት የተላጠ የፓምፕ ገመድ ጨበጠ። "ኮረንቲው ያዘኝ፣ አልለቅም አለኝ" ይላል እስከ ዛሬ። እኔ ደግሞ "የያዝከውስ አንተ ነህ" እለዋለሁ። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ይበረታሉ፤ ሁለቱም በአንዴ ሲወጠሩ እጅ ይጨበጣል፣ ባለቤቱ ቢፈልግም አይከፈትም። ለዚህ 10 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበቃል። ልጁ ሮጦ ብሬከሩን ባያወርድለት ክርክራችንም ባልኖረ። አባቱን በእጁ ቢጎትት ኖሮ እሱም አብሮ ይያዝ ነበር።

ልብ ከአንድ ምት በኋላ ሩብ ሰከንድ ያህል ሌላ ምልክት ስለማይቀበል እንዲህ አይወጠርም። ኮረንቲ ግን ምቱን ሊያምሰው ይችላል፤ የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ከዘጌ ማገዶ ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚመጣ ቀዛፊም ክንዱ የሚሠራው በተደራረበ ኩምትርታ ነው። ልዩነቱ አንጎል የጡንቻውን ክሮች በፈረቃ ማሠራቱ ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ግን የነካቸውን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚያዝዝ ቶሎ ይዝላሉ። ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያሠራው የፊዚዮቴራፒ ማነቃቂያ ጥቂት ሰከንድ ወጥሮ ጥቂት ሰከንድ የሚያሳርፈው ለዚህ ነው።