የባለሀብት ግብር ኢኮኖሚውን ይጎዳል? በድሬዳዋ የሚባለውና እውነታው

በከፊራ ገበያም ሆነ በከዚራ የግብር ነገር ሲነሳ አንዱ «ነጋዴውን ግብር ገደለው» ይላል፤ ሌላው «ሀብታሙ ይክፈል፣ ያኔ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ሊታረም የሚገባው ነገር ይዘዋል።

«ብዙ ባተረፍኩ ቁጥር የሚቀረኝ ያንሳል»

ስህተት ነው፤ ሰው ሥራውን ከማስፋት የሚያስቀር በመሆኑም ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግለሰብ ነጋዴ 35 በመቶ የሚከፍለው በዓመት ከ168,000 ብር በላይ ባገኘው ትርፍ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው በዝቅተኛ ምጣኔ ይሰላል፤ የመጀመሪያው 24,000 ብር ደግሞ ከግብር ነጻ ነው። እንግዲህ 168,000 ብር ያተረፈ የጨርቅ ነጋዴ ሌላ 10,000 ብር ቢያገኝ፣ በጭማሪው 3,500 ብር ከፍሎ 6,500 ብር ይቀረዋል። ምጣኔው ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደመውን ትርፍ አይነካም።

«ድሃው ግብር አይከፍልም»

የባጃጅ ሹፌሩ ስልኩን በሞላ ቁጥር 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ምጣኔው ለእሱም ለአስመጪውም አንድ ነው፤ የሚከብደው ግን ገቢው ለሚያንሰው ነው። ከትርፍ ላይ የሚሰበሰበው ሲቀንስ ሸክሙ ወደዚህ ወገን ያዘነብላል።

«ግብር ሲቀነስ ኢኮኖሚው ራሱ ይመነደጋል»

በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ንግዶችን ገቢ ከግዛቱ የገቢ ግብር ነጻ አደረገች። የተባለው እድገት ሳይመጣ የመንግሥት ገቢ ስላሽቆለቆለ፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የግዛቱ ምክር ቤት ውሳኔውን ሻረው። ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ባለሀብትም የግብር እፎይታን ብቻ አያይም፤ መብራቱን፣ የውጭ ምንዛሪውን፣ የጅቡቲን መንገድና ባቡር ይመዝናል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ሲገድል ያየ ደግሞ የጎርፍ መከላከያ ግንብን አንድ ነጋዴ ብቻውን እንደማይሠራው ያውቃል።

«እንግዲያው ምጣኔው በጨመረ ቁጥር ይሻላል»

አይደለም። በደርግ ዘመን ከፍተኛው ምጣኔ ከ80 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ያን ያህል ሲሆን ሰው ገቢውን ይደብቃል ወይም ሥራውን ይተዋል።

«ነጋዴውን የሚያማርረው የምጣኔው ቁጥር ነው»

በ2009 በተለያዩ ከተሞች ሱቆች የተዘጉት ምጣኔው ጨምሮ አልነበረም፤ ግብር ሰብሳቢዎች ለየሱቁ ያወጡት የቀን ገቢ ግምት ከእውነተኛው ሽያጭ ጋር አልገናኝ ብሎ ነው። ዛሬም «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ይሰማል። በሕግ የሚሠራ ነጋዴ በደረሰኝ ሲሸጥ፣ አጠገቡ ያለው በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ይዞ ያለ ደረሰኝ ዋጋ ሰብሮ ይሸጥበታል። የሕጋዊውን ምጣኔ በጥቂት ነጥብ ብትቀንስለት ይህ ልዩነት አይጠብም፤ ጎረቤቱም እንደ እሱ ሲከፍል ግን ይጠባል።