መንገድ ፈላጊ ሶፍትዌርን ለእግርና ለተራራ ጉዞ ማስተካከል

መንገድ ፈላጊ ሶፍትዌር በዲጂታል ካርታ ላይ ከሰፈሩት መንገዶች መካከል መነሻን ከመድረሻ ጋር በአነስተኛ ወጪ የሚያገናኘውን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ወጪው በርቀት፣ በጊዜ ወይም በድካም ሊለካ ይችላል፤ በምን እንደሚለካ፣ የትኛው መንገድ እንደሚመረጥና የትኛው እንደሚከለከል የሚደነግገው ፕሮፋይል የሚባለው የቅንብሮች ስብስብ ነው። የስሌቱ መሠረት ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ዘዴ ነው። ለእግረኛ የተዘጋጀ ፕሮፋይል ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድን በሁለቱም በኩል ያስኬዳል፣ ደረጃዎችንና ቀጫጭን የእግር መንገዶችን ይፈቅዳል፣ የፈጣን መኪና መንገድን ይዘጋል። ተራራ ላይ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ የመንገዱ አስቸጋሪነት፣ ዱካው በዓይን መለየት አለመለየቱ ከርቀቱ በላይ ይመዝናሉ።

ይህን ዝርዝር ለሁሉም በነጻ የሚያቀርበው ዋነኛ ምንጭ ስቲቭ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። በበጎ ፈቃደኞች ትጋት የተገነባ በመሆኑ ለመኪና አሽከርካሪ ታስበው የተሠሩ ካርታዎች ከቁብ ያልቆጠሯቸውን የእግር መንገዶች በብዛት ይዟል። የተራራ መንገድ አስቸጋሪነት በዚህ ካርታ ላይ የሚመዘገበው የስዊዘርላንድ አልፓይን ክበብ ባወጣው ባለ ስድስት እርከን መለኪያ ነው፤ ቲ1 ማንም ሊሄድበት የሚችል የተስተካከለ መንገድ ሲሆን፣ በቲ3 ሚዛን ለመጠበቅ እጅን መጠቀም ሊያስፈልግ ይችላል፣ በቲ6 ደግሞ ምልክት በሌለበት ገደላማ ስፍራ ቋጥኝ መውጣት ይመጣል። ዱካው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚገልጽ ሌላ መለያም (ከመንገዱ ጋር የሚመዘገብ መግለጫ) አለ።

በእነዚህ መለያዎች ለመጠቀም ሰፊውን ነጻነት የሚሰጠው አርንት ብሬንሽዴ የሠራው ብራውተር የተባለ መንገድ ፈላጊ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እንደ ኦስማንድና ሎከስ ማፕ ላሉ የካርታ መተግበሪያዎችም መንገድ ያሰላላቸዋል። ፕሮፋይሉ ማንም ከፍቶ ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ፣ ውሳኔው ከፕሮግራም ሠሪው እጅ ወጥቶ በተጓዡ እጅ ይገባል። እያንዳንዱ የመንገድ ዓይነት ማባዣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 1 የተሰጠው መንገድ በትክክለኛ ርዝመቱ ይታሰባል፣ 10000 የተሰጠው ዝግ ነው። ለአስፋልት 3፣ ለእግር መንገድ 1 የሰጠ ተጓዥ አንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ላለመርገጥ ሲል እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእግር መንገድ ይዞራል ማለት ነው። ከፍታም በተመሳሳይ መንገድ ይታሰባል። የዳገት ዋጋ 60 ከሆነ፣ ሽቅብ የተወጣው እያንዳንዱ ሜትር በጉዞው ላይ የ60 ሜትር ርቀት ያህል ይጨምራል፤ ከዚህ ጋር አብሮ የሚሰጠው የመቶኛ ገደብ ደግሞ እጅግ ለዘብ ያለው ዳገት ከሒሳቡ እንዲወጣ ያደርጋል። ለተራራ በተዘጋጁት ፕሮፋይሎች ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ተለይተው ሊታዩ ይገባል፤ አንደኛው ፈጽሞ የማይታለፈው የአስቸጋሪነት ጣሪያ፣ ሁለተኛው ተጓዡ የሚመርጠው እርከን ነው። ጣሪያውን 3፣ ምርጫውን 1 ያደረገ ሰው ከባዱን መንገድ የሚያገኘው የተሻለ ሲታጣ ብቻ ነው።

ቫልሃላ የተባለው ሌላው ነጻ ሶፍትዌር ቅንብሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ለጀማሪ ይቀላል፤ ነገር ግን ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቅንብር ከተማን ያሰበ ነው። የእግር ፍጥነቱ በሰዓት 5.1 ኪሎ ሜትር፣ የሚፈቀደው የአስቸጋሪነት እርከን 1 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካልተደረገ ቲ2 ተብሎ የተመዘገበ መንገድ ጨርሶ ከምርጫ ይወጣል፣ ተጓዡም ያለ ምክንያት ሩቅ ዙሪያ ይላካል። ግራፍሆፐር የተባለው መንገድ ፈላጊም ለእግረኛና ለተራራ ተጓዥ የተለያዩ ፕሮፋይሎች አሉት።

የጊዜ ግምት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያቀረበው ደንብ ለ5 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። የጀርመኑ ደረጃ በበኩሉ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ 300 ሜትር ሽቅብ፣ 500 ሜትር ቁልቁል ብሎ ያሰላና ከአግድሙና ከከፍታው ጊዜ ትልቁን ወስዶ የትንሹን ግማሽ ይጨምርበታል። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር ዳገት ላለው ጉዞ የመጀመሪያው 3 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው 4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያወጣል። አንዳንዶች የናይስሚዝን ደንብ ለጠንካራ ተጓዥ ትክክለኛ ነው ይሉታል፤ ጓዝ ተሸክሞ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ለሚጓዝ ሰው ግን የጀርመኑ ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው።

የከፍታው መረጃ በአብዛኛው የተገኘው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር ስትለካ ነው፤ ነጥቦቹ እርስ በርሳቸው 30 ወይም 90 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በሰሜን ተራሮች፣ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር በሚወርድበት ስፍራ፣ ይህ ርቀት ብዙ ያሳስታል። ግጭ ከተባለው ስፍራ ወደ እመት ጎጎ ተራራ (3,926 ሜትር) ሲኬድ በገደሉ አፋፍ የሚያልፈው መንገድ በመረጃው ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ ሶፍትዌሩ ተጓዡ ገደል ወርዶ እንደገና የወጣ አድርጎ ይቆጥራል፤ የዳገቱ ድምር የሚጋነነውም በዚህ ምክንያት ነው። ብራውተር ጥቃቅን የከፍታ መዋዠቆችን የሚያጣራ ቅንብር ስላለው፣ እሱን ከፍ ማድረግ በተወሰነ ደረጃ ይረዳል። ለእነዚህ ተራሮች የሚያስፈልገው የብራውተር የካርታ መረጃ ፋይል ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅና ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ያለውን የሚሸፍነው ሲሆን፣ ጣና ሐይቅንና ላሊበላንም ያጠቃልላል። የራስ ዳሸን ከፍታ በቆዩ ጽሑፎች 4,620 ሜትር ተብሎ ቢገኝም፣ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ወይም 4,533 ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመጓዝ ደባርቅ ላይ መመዝገብና ጠባቂ ስካውት ይዞ መሄድ እንደሚያስፈልግ ግን የትኛውም ፕሮፋይል አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መለያ ያልተሰጠው መንገድ ነው። ብዙ ፕሮፋይሎች የአስቸጋሪነት እርከን ያልተመዘገበለትን መንገድ እንደ ቀላል ስለሚወስዱት፣ የተጣለው ጣሪያ እንዲህ ያለውን መንገድ አያግደውም። መንገዱን በእግሩ ያየ ሰው እርከኑንና የዱካውን ሁኔታ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ በመመዝገብ ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል፤ ለውጡ ስልክ ላይ የሚታየው ግን የአካባቢው ፋይል ታድሶ እንደገና ሲወርድ ነው።